የጃትሮፋው አጥር

«ይህን ማን ተከለው?» አሉ አባባ ዛንጋ።

ኮሮቱሙ ከጎነበሰችበት ቀና ብላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ሽማግሌው ከኦቾሎኒ ማሳዋ ዳር በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ማሳውን ዙሪያውን በከበቡት፣ ጉልበት እንኳ በማይደርሱት የጃትሮፋ ችግኞች ላይ ነው። ያደነቁላት መሰላት።

«እኔ ነኛ አባባ! መቶ ሃያ ናቸው። አንዱም አልደረቀብኝም።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን!» አለች ፈገግ ብላ።

እሳቸው ፈገግ አላሉም። በበትራቸው ጫፍ አንዱን ችግኝ ነካ አደረጉት።

«የባልሽ አባት እንግዳ ሆኖ እዚህ መንደር ሲደርስ፣ አባቴ እረስ አለው። ትከል አላለውም።»

የኮሮቱሙ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። በመንደሩ ይህን የማያውቅ የለም፤ በተዋሰው መሬት ላይ የሚዘራ ሰው አጭዶ ይሄዳል፣ ዛፍ የሚተክል ግን መሬቱን የእኔ ነው ማለቱ ነው። እሷም ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ቅርጫት ኦቾሎኒ ለአባባ ዛንጋ ሳታደርስ አንዲት ፍሬ ቀምሳ አታውቅም። ጃትሮፋን ግን ዛፍ ብላ አስባው አታውቅም። ለእሷ ፍየል የማይደፍረው አጥር ነው፤ ፍሬው ሳሙና ይሆናል፣ አሁን ደግሞ የወፍጮ ነዳጅ።

«አጥር ነው ብዬ እኮ ነው።»

«አጥርስ ምን ይላል? እስከዚህ ድረስ የእኔ ነው አይደል የሚለው?» ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ንቀዪው። አለዚያ መሬቴን መልሺልኝ።»

ወደ ወፍጮው ቤት የሄደችው ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ነው። ወፍጮውን የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ካስተከለው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነዳጅ የሚያመጣው መኪና በክረምት ስለማይገባ፣ ሞተሩ ከጃትሮፋ ፍሬ በሚጨመቅ ዘይት ይሠራል። የድሮዎቹ አጥሮች ፍሬ ግን አልበቃም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት እንድትተክል ተስማሙ፤ ከሁሉም ቀድማ ቆማ ቃል የገባችው የማኅበሩ ሰብሳቢ ኮሮቱሙ ነበረች።

ወፍጮ ነጂው ሶሎ ኩሊባሊ እስከ ክርኑ ዘይት ተቀብቶ መጭመቂያውን ያዞራል። የኩሊባሊና የኬይታ ወገኖች ሲገናኙ በቀልድ መሰዳደብ የጥንት ልማዳቸው ነው።

«መጣች ደግሞ የኬይታ ልጅ! ያቺ አደንጓሬ በሊታ!»

«ኩሊባሊ ደግሞ ስለ አደንጓሬ ያወራል? የሚያጓራው ሞተሩ ሳይሆን ሆድህ ነው ይላሉ።»

ሶሎ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ምን ሆነሻል? ሌላ ቀን ቢሆን አያቴ ድረስ ነበር የምትወርጂብኝ።»

ነገረችው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት።

«ንቀያቸው» አለ። «ይሄ ዘይት እኮ አይበላም፣ መርዝ ነው። ኦቾሎኒሽ ከሄደ ወፍጮው ምን ሊፈጭልሽ ነው?»

ተራ የምትጠብቀው አሮጊቷ ቴኔ ከአግዳሚው ላይ ጣልቃ ገባች። «እኔን ብትጠይቁኝ፣ ወፍጮአችሁ ሳሙናዬን በልቶታል። ፍሬውን ሁሉ ለቅማችሁ ለእሱ አጎረሳችሁት።»

«ታዲያ ወደ ሙቀጫው ይመለሱ፣ እማማ» አላት ሶሎ።

ቴኔ መዳፏን ዘርግታ የጠነከረውን ቆዳ አየችው። «እሱንስ አላልኩም» አለች ቀስ ብላ።

ኮሮቱሙም የራሷን መዳፍ አየች። ከጎህ በፊት ተነስቶ ማሽላ መውቀጥ ከቀረ ወዲህ ቆዳዋ ለስልሷል። ይህን ለስላሳነት ማንም ሳያይባት ስትወደው ኖራለች። ነገር ግን ልጆቿን የሚያበላው ይህ አይደለም፤ ማሳው ነው።

ከሰዓት በኋላ ችግኞቹን ነቀለቻቸው። የዝናቡ እርጥበት ስላለ በቀላሉ ይወጣሉ፤ ፈሳሻቸው ግን ሽርጧን በማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ ሞላው። ብትጥላቸው በደረቀ አፈር ላይም ይበቅላሉ፤ ግትር ተክል ነው። አልጣለቻቸውም። ሥሮቻቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ በትልቅ ሳፋ በአናቷ ተሸክማ አባባ ዛንጋ ግቢ ገባች። እፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ የተሳሳተ እጅ ነበር የተከላቸው። ለባለቤታቸው አመጣሁ።»

«የት ልተክላቸው?»

«በመሬትዎ ዳር። እኔ ኦቾሎኒ በምዘራበት።»

ሽማግሌው ጆንያውን ገለጥ አድርገው ችግኞቹን አዩ። «እኔ ከተከልኳቸው ፍሬውም የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያፈራ ለከተማ ነጋዴ ብሸጠውስ?»

ይህን መንገዱን ሁሉ ስታስበው መጥታለች።

«ያኔ ባለቤትዎም ከእኛ ጋር በሙቀጫ ይወቅጣሉ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ከጎጆው ውስጥ የባለቤታቸው የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አባባ ዛንጋ ወደ በሩ ዞረው አጉረመረሙ፤ ቀጥሎም ዶማ እንዲወጣላቸው ጠየቁ።

ወደ ማሳው ሄደው እሳቸው ቆፈሩ፣ እሷ ችግኙን ቀጥ አድርጋ ያዘች፣ አፈሩን በእግራቸው ረገጡት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሃያ ስድስት ተክለው ነበር። ኮሮቱሙ የቀሩትን መልሳ በእርጥቡ ጆንያ ሸፈነቻቸው። ሽማግሌው ነገ ማልደው እንደሚመጡ ነግረዋት፣ ዶማቸውን ማሳው ዳር ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።