ጉለሌን አልፎ ጎንደር

«እዚህ ድንኳን ውስጥ ስለ አውቶቡስ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር» አሉ ባላምባራስ ስብሐት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠቅ አድርገው።

ቶለሳ ቀና ብሎ አያቸው። ነገሩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። የለቅሶው ቤት የአውቶቡስ ሾፌር ቤት ነው። ድንኳኑን የተከሉት ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች ናቸው። ከደጁ ፊት ለፊት የጉለሌን ጭቃ መንገድ ግማሹን ዘግቶ የቆመውም ራሱ ቶለሳ የሚነዳው አውቶቡስ ነው፤ ባልደረቦቹ አስፈቅደው ቀብረኛ ያመላለሱበት። እሱን ደግሞ ባላምባራስ በምን ሊሸፍኑት ይሆን?

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ቶለሳ፤ ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን ከአፋቸው ሊሰማው ፈልጎ።

«ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ነገ ሣልስት ነው። የአባቴ ወዳጆች፣ ትላልቅ ሰዎች ይመጣሉ። አልቃሿ እህቴን በዘሯና በደግነቷ ታነሳታለች። ስለነዚያ መጻሕፍት ግን አንዲት ቃል መስማት አልፈልግም። በቁሟ ያዋረደችን ይበቃል።»

ቶለሳ መልስ አልሰጠም። ከድሮም ዝምተኛ ነው። ባላምባራስም ዝምታውን እሺታ አድርገው ወሰዱትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ተሳስተዋል።

መጻሕፍቱ ሁለት ናቸው። የጻፈቻቸው አፀደ ናት፤ የባላምባራስ ታናሽ እህት፣ የቶለሳ ሚስት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበረች፣ ትናንት የቀበሯት። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዘርፌ የምትባል ታይፒስት ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትኬት ቆራጩ «መጨረሻ!» ሲል ብንን ብላ ብትወርድ ጉለሌን አልፋ ጎንደር ደርሳለች፤ ያውም በነገሥታቱ ዘመን፣ ግንቡ ገና ሲገነባ። ባለ ተረከዝ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። አጭር ቀሚሷን ያዩ አንድ መነኩሴ ጨርቅ ያጠራት ድሃ መስላቸው አንጀታቸው ይባባና ነጠላቸውን ይመጸውቷታል። ከጭቃው ጎትቶ የሚያወጣት የንጉሡ በቅሎ ጠባቂ ይገዙ ነው። ይገዙ ዓይነ አፋር ነው። ከሰው ጋር ማውራት አይሆንለትም፤ ቡሊት ከምትባለው በቅሎው ጋር ግን ሲያወጋ ይውላል። ዘርፌን ሲወዳት መውደዱን የሚናገረው ለቡሊት ነው፤ ዘርፌ እዚያው አጠገቡ ቆማ እየሰማች።

ይህን ቶለሳ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው። በራሱ ደርሶበታል።

አፀደ ያኔ የምትኖረው ፒያሳ፣ ወንድሟ ቤት ነበር። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዷት ጉለሌ መጨረሻው ድረስ መጣች፤ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ። ቶለሳ ተነስቶ አጠገቧ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤት፣ መጨረሻ ነው» አላት።

ዓይኗን ሳትገልጥ «የት ዘመን?» አለችው።

ግራ ገባው። አስቦ አስቦ «ጉለሌ» አለ። ልጅቷ ነቃች፤ ያለችውንም ያለውንም ሰማችውና ሳቋ ከአውቶቡሱ አልፎ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይውሰዳትም አይውሰዳትም ፒያሳ መውረድ ተወች። ቶለሳ ነገሩ ገብቶታል፤ መናገሩ ነው ያቃተው። አንድ ምሽት ተሳፋሪው ሁሉ የወረደ መስሎት መሪውን መታ መታ አደረገና «ቡሊት፣ ይህችን ልጅ ብናገባትስ?» አለ። አውቶቡሷን አቧራ ስለማይለቃት ቡሊት ብሎ የጠራት እሱ ነው። ከኋላው «እኔ እሺ ብያለሁ፤ ቡሊትን ጠይቃት» የሚል ድምፅ ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ባላባት ቤት አድጋ ሾፌር ማግባቷ አንድ ነገር ነው፤ ባላምባራስ እሱን በግድም ቢሆን ውጠውታል። ያልዋጡት ጎታውን ነው። ቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ የሚያወራለት፣ በጦር ሜዳ ስልት ያውቅ ነበር እየተባለ የሚወደስ አንድ ምንጅላት አለ። አፀደ ያንን ምንጅላት ወስዳ የእህል ጎታ ውስጥ ከተተችው። ዘርፌ ዱቄት ልትቀዳ ጎታ ስትከፍት ሰውየው ከነጋሻው እጥፍጥፍ ብሎ ተቀምጦ «ዝም በይ፣ ስልት ላይ ነኝ» ይላታል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ስሙን ብትቀይረውም ዘመድ ሁሉ አወቀው።

ባላምባራስ እህታቸውን አስጠሩና የሟች አባታቸውን ስም ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንድታነሳ አዘዟት። አፀደም «ስሙን የሰጠኝ አባቴ ነው፤ ሊወስደው ከፈለገ እሱ ራሱ ይምጣ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ባላምባራስ በሌላ መንገድ መጡ። ሰው ልከው ከየመጻሕፍት መደብሩ የተገኘውን ሁሉ እያስለቀሙ እቤታቸው አስቆለፉበት። አሳታሚው ታዲያ መጽሐፉ እንዲህ ከተፈለገማ ብሎ በእጥፍ አሳተመው፤ ሁለተኛውንም ቶሎ ጻፊ ብሎ አጣደፋት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አፀደ ወንድሟን ባነሳች ቁጥር «የመጀመሪያ አንባቢዬ» ትለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ የማያውቋቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከጳውሎስ ሆስፒታል አፀደን ያስታመሙ ነርሶች መጡ። ከዊንጌት ተማሪዎች ደብተራቸውን እንደያዙ መጥተው የድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተኮለኮሉ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መጡ፤ ሲሠሩ አንዱ መጽሐፏን ያነባል፣ ሌሎቹ እየሸመኑ ያዳምጣሉ። ሁሉም «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይሉና ይቀመጣሉ፤ ንፍሮ ይቅማሉ፤ ትንሽ ቆይተው ወደ ጎናቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ያንሾካሹካሉ። ባላምባራስ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው ጠፋ።

የሚንሾካሾኩት ስለ ይገዙ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ ይገዙ ዘርፌን ተከትሎ በዚያው አውቶቡስ ጉለሌ ይመጣል። መኪና ሲያይ እጅ ይነሳል። ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሊገዛ ሄዶ ዋጋውን ሲሰማ «ከነቤቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ አውቶቡሱ ወደ ጎንደር ሊመለስ ይነሳል፤ ዳግመኛ አይመጣም። ይገዙ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አድርጎ እንደቆመ መጽሐፉ ያልቃል። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል አፀደ ኩላሊቷን ታመመች።

ሲስተር ውባለም፣ ከነርሶቹ ታላቂቱ፣ ተነስታ ቶለሳ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃዋለች።

«ጋሽ ቶለሳ፣ ነውር ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እ... ማለቴ፣ ሦስተኛውን እንዴት ልትጨርሰው እንዳሰበች ነግራዎት ነበር? ይገዙ ይመለሳል ወይስ ይቀራል?»

ቶለሳ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። እውነቱን ነው፤ አልነገረችውም። ይልቁንስ የጠየቀችው እሷ ነበረች። ሆስፒታል በተኛች ጊዜ እጁን ይዛ «አንተ ብትሆንስ? አገርህን፣ ዘመንህን፣ በቅሎህን ትተህ ትቀራለህ?» አለችው። እሱም እንደ ልማዱ «አስቤ እነግርሻለሁ» አላት። በዚያ ሕመም ላይ ሆና ሳቀች። አንተ አስበህ እስክትነግረኝ ግንቡ አልቆ ይፈርሳል አለችው። መልሱን ሳይነግራት ሄደች፤ አሁን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ይኸው መልስ ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አልቃሿ እማማ የሺ ወደ ጓሮ አስጠራችው። አልቃሽ ከቤተሰቡ የሟችን ሙያ ጠይቃ ነው ግጥሟን የምትቋጥረው፤ ያልሰጧትን አታለቅስም። ባላምባራስ የሰጧትን ነገረችው፤ ካባ አለ፣ ርስት አለ፣ ለድሃ ማብላት አለ።

«ይህ ለማንም ሴት ይሆናል» አለች የሺ። «ትናንትና ለአንዷ ብዬዋለሁ። የሷን ስጠኝ፣ ልጄ። ምን ነበረች?»

ቶለሳ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና በመጨረሻ የሺን አስከትሎ አውቶቡሷ ወደቆመችበት ወጣ። መዳፉን አፍንጫዋ ላይ አሳረፈ። «ቡሊት፣» አላት፣ «እመቤትሽን ታስታውሻታለሽ?» ከዚያ ሁሉንም ነገራት። እንቅልፉን፣ ጭቃውን፣ መነኩሴውን፣ ጎታውን፣ ታይፕ ስታደርግ ብቻዋን ስትስቅ ከእንቅልፉ እንደምትቀሰቅሰው፣ ተቆጥታ ባታውቅም አንድ ቀን ስለ መጽሐፉ ሰው ፊት አፍሮ ዝም ቢል ግን ተቆጥታ ሳታናግረው እንደዋለች። የሺ አውቶቡሷ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ሰማች።

በሣልስቱ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ሞላ። የአባትየው ወዳጆች፣ ባለ በርኖስ ሽማግሌዎች፣ ከፊት ተቀመጡ። የሺ ከሴቶቹ መሐል ቆመች፤ እንደታዘዘችው ጀመረች።

«የመኳንንት ልጅ ናት የባለ ወርቅ ካባ፣
ምነው ያ ገላዋ ከአፈር ውስጥ ገባ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ባላምባራስ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። የሺ ዞር ብላ ቶለሳን አየችውና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«በአውቶቡስ ተሳፍራ ጎንደር ደርሳ መጣች፣
ምንጅላቷን ሳይቀር ከጎታ አወጣች።»

ከዊንጌት ተማሪዎች አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አመለጠው። ሸማኔዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አልሆነላቸውም። ሳቁ ከጠርዝ ተነስቶ እስከ ሴቶቹ ደረሰ፤ ሴቶቹ እያነቡ ሳቁ። የሺ አልቆመችም።

«ሁሉን ተሳፋሪ ከደጁ አወረድሽ፣
ምነው ከመንገድ ላይ አንቺ ብቻ ወረድሽ።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው አለቀሰ። ቶለሳ ሚስቱ ስትቀበር ያላየውን ለቅሶ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ባላምባራስ ተነሱ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «አንተ ነህ የነገርካት። በእህቴ ለቅሶ ላይ ሰው ታስቃለህ?» አሉት።

ቶለሳም ተነሳ። መጀመሪያ የፈለገው በዓይኑ ውባለምን ነው።

«ሲስተር ውባለም፣ የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ» አለ። «ይገዙ ቀርቷል። አውቶቡሱ ሄደ፣ እሱ ደረጃው ላይ የነበረውን እግሩን አወረደና ቀረ። ጎንደርን ትቶ፣ ንጉሡን ትቶ። እዚሁ ጉለሌ አለ። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሾፌር ሆኗል።»

ቶለሳ ወደ ባላምባራስ ዞረ።

«እርስዎም ቢሆኑ ምንጅላትዎ አያሳፍሩዎት፤ አፀደ ትወዳቸው ነበር። ‹እሳቸው ያን ዕለት ጎታ ባይገቡ ኖሮ እኔም ወንድሜም ባልተወለድን› ትል ነበር። አዋረደችን አሉ፤ አላዋረደችም። ሚስቴ መጽሐፍ ጻፈች፣ ሰው አሳቀች። እኔ ቤት የሚለቀሰው ይህ ነው። የማይፈልግ ድንኳኑ በር አለው።»

ቶለሳ በዕድሜው ይህን ያህል ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ባላምባራስ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። የአባታቸው ወዳጆች ይከተሏቸዋል ሲባል ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን በበርኖሳቸው ጫፍ እየጠረጉ አጠገባቸው ያለውን ሰው መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ጠየቁት።

«ባላምባራስ ቤት በብዛት አለ» አላቸው ሰውየው።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ቶለሳ ሥራ ገባ። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ከደንብ ልብሱ ሥር ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ሰው ከፒያሳ ጭኖ ሽቅብ ወደ ጉለሌ ወጣ፣ እንደ ወትሮው መጨረሻው ላይ ቆመ። ተሳፋሪው እየተጋፋ ወረደ። ትኬት ቆራጩ ጉታ ወደ ውስጥ ዘወር ብሎ «መጨረሻ!» ሊል አፉን ሲከፍት ቶለሳ በመስታወቱ አየውና እጁን አነሳበት። ጉታ አፉን ዘጋ።

ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ተኝታለች። ከሥራ መመለሷ ነው መሰል፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላለች። ውጭ መሳፈሪያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አይቶ የመነሻውን ፊሽካ ነፋ፤ ቶለሳ አልሰማሁም አለ። ፊሽካው ተደገመ፤ አሁን በቁጣ ነው። ቶለሳ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።