በገብርኤል ያረሱት ስድስቱ ገበሬዎች

ጥናቴን ፈታኞች ፊት ከማቀርብበት ከዲፌንሱ በፊት በነበረው ሳምንት ቅጾቹን ደጋግሜ ሳገላብጥ ነበር የከረምኩት። ሰው ሁሉ «ፍርሃት ነው፣ ያልፋል» ይለኛል። ምን ያውቃል ሰው! የኔ ፍርሃት ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተርስ ጥናቴ ገበሬው ጤፍ ለማምረት በክረምት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚለካ ነው። ስልሳ ቤተሰብ መርጠን፣ በየሦስት ቀኑ እየዞርን የየዕለቱን የሥራ ሰዓት ቅጽ ላይ እንሞላለን። ይጁቤ አካባቢ ያሉት ሠላሳዎቹ የኔ ነበሩ፤ ቁይ ያሉት ሠላሳዎቹ ደግሞ የአክስቴ ልጅ የባዘዘው። ባለፈው ሐምሌ መንገድ ተዘጋና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደብረ ማርቆስ ንቅንቅ ማለት አቃተኝ። ሲከፈት ብሄድ ስምንት ቤተሰቦች «ያኔ የሠራነውን አሁን ማን ያስታውሰዋል?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ላድርግ? ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብየ ስምንቱንም ቅጽ ከራሴ አፍልቄ ሞላሁት።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ዲግሪውን ካላመጣሁ የማስተምርበት ኮሌጅ እንደሚያሰናብተኝ በደብዳቤ ነግሮኛል። ስድስት ዓመት ያገለገልኩበት ሥራ ነው፣ በምን ሆዴ ልናገር!

የዲፌንሱ ቀን አባየ ከይጁቤ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ከባዘዘው ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስላይዴን አቅርቤ ስጨርስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ዶክተር ፍሥሐ፣ ዋናውን ጽሑፍ ትተው መጨረሻ ላይ ያሉትን ቅጾች ማገላበጥ ጀመሩ። ሰው ያንን አያነብም ብለውኝ ነበር እኮ!

«እዚህ ላይ ስድስት ገበሬዎች ጁላይ ሃያ ስድስት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት አርሰዋል ይላል» አሉ። «በኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ።»

«ገብርኤል!» አለ አባየ ከኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ፍሥሐ ግን ፈገግም አላሉ። «እኔ ደምበጫ ነው ያደግሁት። በሐምሌ ገብርኤል በሬ የሚጠምድ ገበሬ አላየሁም። አንድ ቢሆን እሺ፤ ስድስት? ይህን ማነው የሞላው?»

ክው አልኩ። አለቀልኝ ብየ ቅጹን ሳይ ግን ቁጥሩ ከአርባ አንድ እስከ አርባ ስድስት ነው። የኔ አይደለም! እኔ የፈጠርኳቸው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉት ናቸው። እነዚያን ስሞላ የግድግዳ ካላንደር ከጎኔ አስቀምጬ ገብርኤልንም፣ ሚካኤልንም፣ ማርያምንም እየዘለልኩ ነበር። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ስዋሽም ተጠንቅቄ ነው።

ባዘዘው ተነሳ። «እኔ ነኝ ዶክተር። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አልደረስኩም። ቅጹ በፈረንጅ ቀን ስለሆነ እሑድ እሑድን ብቻ እየዘለልኩ ሞላሁት። እድላዊት ምንም አታውቅም።»

አማካሪየ ዶክተር ሰገነት ወዲያው ገቡበት። «ተማሪዋ ተታላ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ?» ፈታኞቹ ተንሾካሾኩ። ባዘዘው ተቀመጥ ያለው ስለሌለ እዚያው እንደቆመ ነው፤ ግንባሩን አላበው።

«ስድስቱን አውጥተሽ ስሌቱን እንደገና ትሠሪዋለሽ» አሉ ዶክተር ፍሥሐ በመጨረሻ። መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። «አንድ ነገር ብቻ። የቀሩት ሃምሳ አራቱ በሙሉ ከገበሬው አፍ የተገኙ ናቸው?»

አይደሉም ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ባዘዘውን አየሁት። የሱም የኔም ጥፋት አንድ ነው፤ የመንገዱ መዘጋትም ያው፣ ሐምሌውም ያው። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ሲያምን እኔ መምህር ተብየዋ ስለ ኮሌጁ ደብዳቤ አስባለሁ።

«አዎ» አልኩ።

«ቬሪ ጉድ» የሚል ውጤት ሰጡኝ። ተጨበጨበ። ዶክተር ሰገነት አቅፈው ሳሙኝ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስወጣ አባየ ባዘዘውን ይዞታል። «አንተ! እህትህን በሰው ፊት ልታዋርዳት? እንጀራዋን ልትዘጋባት?» ባዘዘው እኔን ሲያይ እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ይቅር በይኝ እድልየ። እንዲህ የለፋሽበትን ላበላሽብሽ ነበር።»

«ተው፣ ተነሳ!» ብየ ክንዱን ያዝኩት። ተማሪዎች ቆመው ያያሉ።

«ይቅር ካላልሽኝ አልነሳም።»

«ይቅር በዪው እንግዲህ፣ ልጄ» አለ አባየ። «ክርስቲያን አይደለሽም?»

«ይቅር ብየሃለሁ» አልኩት።

አባየ እጁን አናቴ ላይ ጫነ። «እንዲህ ልበ ቅን እንዳደረገሽ ያኑርሽ!»

«አሜን» አልኩ።