ማዶ ያለው መስኮት

ያን ሰውዬ ከደጃፌ ላስነሳው ብዬ ነው እንጂ ታሪክ ልሠራ አልነበረም። የልጅ ልጄ ቲልዳ ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። ሳል ይዟት ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን ከርማ ገና ሸለብ ማድረጓ ነው። ሰውዬው ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩን ይደበድበዋል። ከፈትኩለት። ኦገስታ ዊንኮት የኖረችው እዚህ ቤት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከተማችን ቴልበርን የገባ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደራሲዋ ከሞተች መቶ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ከተማው ግን ዛሬም የሚያድረው በእሷ ስም ነው። ከኋላዬ ልጅቷ ስትገላበጥ ሰማሁ።

«እዚህ አይደለም፤ ማዶ ነው፣ ያ ላይኛው መስኮት» አልኩና የደንስታን ፓይክን ሥጋ ቤት ጠቆምኩት። ሄደልኝ። ቲልዳ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እኔም ነገሩን እዚያው ረሳሁት።

ሰውዬው ግን አልረሳም፤ መጽሐፍ ጻፈ። ከአንዱ ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የመንገዱ ነዋሪ የሆኑ አንዲት ሴት እንደነገሩኝ» ይላል። ሌላው ጸሐፊ ከእሱ ቀዳ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ፓይክ ቋሊማውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሻይ ቤት ከፈተ። ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የላባ ብዕርና አንድ ሻል አስቀመጠ። ሻሉ የአማቱ ነው፤ ሲታጠብ አይቼዋለሁ። ሰው ግን ፊቱ ቆሞ ያለቅሳል።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ማን ተጎዳ ብዬ ነው። ቲልዳ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ባለፈው መስከረም የከተማው ሙዚየም ለስድስት ወር ሙከራ ቀጠራት። የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የፓይክ ግድግዳ ላይ ታዋቂ ሰው የኖረበትን ቤት የሚያመለክተው ሰማያዊ ክብ ሰሌዳ ሊሰቀል ስለሆነ፣ ደራሲዋ በእርግጥ እዚያ መኖሯን አጣርታ እንድትፈርም። ያለ አጣሪ ፊርማ ሰሌዳ አይሰቀልም፤ ደንብ ነው።

እሑድ ምሳ ላይ የበግ ጥብሱን እየቆረጥኩ፣ ልጅቷ ሻርፕ ሳትለብስ በዚያ ንፋስ በብስክሌት መምጣቷን እየተነጫነጭኩባት ሳለ፣ እሷ ስለ ሥራዋ ታወራልኛለች። መጻሕፍቱ ሁሉ ከአንድ መጽሐፍ እንደሚቀዱ፣ ያም መጽሐፍ ከአንዲት ሴትዮ ሌላ ምንጭ እንደሌለው ደርሳበታለች።

«ሴትዮዋን ባገኛት» አለች።

«ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ምን አደርጋታለሁ አያቴ፣ እጠይቃታለሁ እንጂ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በውሸት ላይ ስሟን ልታኖር ነው። ነገ አንድ አዋቂ መጥቶ ቢያጋልጣት ማን ሁለተኛ ሥራ ይሰጣታል? ነገርኳት፤ ከሳሉ ጀምሬ ሁሉንም። ቲልዳ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እኔ እንድተኛ ብለሽ?»

«አንቺ እንድትተኚ።»

ለካ እሷም የደበቀችኝ ነበራት። የድሮውን የቤት ግብር መዝገብ ገልብጣ የደራሲዋን ቤት አግኝታዋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበረ፤ ከስድሳ ዓመት በፊት ፈርሶ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። መዝገቡ ብቻውን ሰሌዳውን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ አሳማኝ ባይሆን እንኳ ሴትዮዋ ራሷ ቀርባ ብትናገር ነገሩ ያከትም ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ኮሚቴው ከእህል ገበያው አዳራሽ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ፓይክ መሐላቸው ተቀምጧል። ደረጃው እርጥብ ስለነበር ቲልዳን ክንዷን ይዤ ወጣሁ። እሷ ግን እኔን የያዘችኝ መስሏታል። መዝገቡን አውጥታ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። በጽሞና ሰሟት። ከዚያ አንዱ አባል የመኪና ማቆሚያው ሰሌዳ የሚሰቀልበት ግድግዳ እንኳ እንደሌለው አነሣ፤ ሌሎቹም ይህ ከባድ ችግር ነው ብለው ተስማሙ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

መጽሐፉ ላይ ያለችው ሴት እኔ መሆኔን፣ ነገሩንም የፈጠርኩት ሕፃን እንዳይነቃብኝ ብዬ መሆኑን ነገርኳቸው። ፓይክ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«እትዬ ሄስተር፣ ዕድሜዎ ስንት ደረሰ?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

«ያኔስ?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«እንግዲህ» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ፣ «የሃምሳ ስድስት ዓመቷን ሄስተር እንመን ወይስ የሰባ ዘጠኟን?»

አንዲት ሴት ተነሥታ ውኃ አቀረበችልኝ። ሌላዋ ባለፈው ሳምንት ጃንጥላዬን ፖስታ ቤት ረስቼ መሄዴን አስታወሰች። እውነት ነው፣ ረስቻለሁ፤ የረሳሁት ግን ጃንጥላ ነው። እንዲያውም ምስክሯ በሕይወት መገኘቷ ትልቅ ዕድል ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ።

ቲልዳ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ወረቀቱን አስጠግተው ብዕር ሰጧት። አትፈርሚ ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። የሰሌዳውን ቃል እኔ ልጻፈውና እፈርማለሁ አለች። ምን ችግር አለው አሏት። ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበች፦ «የዚህ መንገድ ነዋሪ የሆኑ አንዲት ሴት ለአንድ መንገደኛ እንደነገሩት፣ ኦገስታ ዊንኮት በዚህ ቤት ኖራለች።»

እኔ አሁን ነቁባት ብዬ ነበር። ፓይክ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የጥንት የጥንት ጠረን አለው አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቲልዳ ፈረመች፤ ከጻፈችው ውስጥ አንዲት ውሸት ቃል የለችም።

ደረጃውን ስንወርድ፣ «አሁን ማን ምን ይልሻል?» አልኳት።

«ማንም። ያልሽውን ነው የጻፍኩት፣ አንቺም በእርግጥ ብለሽዋል።»

ሙከራዋን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። ሻርፕ አሁንም አትለብስም።

ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ እኔ ሰላም አጣሁ። ፎቶ አንሺዎች ሰሌዳውንና ላይኛውን መስኮት አንድ ፎቶ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋሉ፤ መንገዱ ደግሞ ጠባብ ነው። ሁለቱንም አሟልቶ የሚያሳይ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የእኔ ደጃፍ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ደረጃዬ ላይ ይቆማሉ፤ ዳቦ ይበሉበታል። እንዳይወድቁ ብዬ በውርጭ ቀን ጨው እበትንላቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዱ በሬን አንኳኳ። የደራሲዋ መስኮት ማዶ ያለው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ክፍያ መቀበያው ማሽን አጠገብ አልኩት።

ከልቡ ሳቀና፣ ማዶ ተሻግሬ መስኮቱ ሥር ለፎቶ እንድቆምለት ለመነኝ።