የታጠበው ማሰሮ

ፈንታሁን ማሰሮውን በአሸዋ አሽቶ፣ ሆዱን በጣቱ ፈልፍሎ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ጨርሶ አጠበው። በሀርጌሳ ውሃ እንዲህ አይደፋም፤ ግን በእሱ አገር ለሰው የቆሸሸ ዕቃ ማቀበል ነውር ነው። የቤት መሠረት ሲቆፍር ያገኘውን ማሰሮ ለአሠሪው ለሂርሲ ልጅ ለኢስታሂል በሁለት እጁ አቀረበላት።

"ውስጡ ምን ነበር?" አለችው። በስደት ጅጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

"ምን ይኖረዋል እቴ? አመድና ያረረ ፍሬ። ሙልጭ አድርጌ ደፋሁልሽ!"

ኢስታሂል እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አዲስ አበባ ሄዳ አርኪዮሎጂ ተምራ ነው የመጣችው።

"ወይኔ ወንድሜ! ምን ይበሉ እንደነበር፣ መቼ እንደኖሩ የሚነግረን እኮ ያ ፍሬ ነበር።"

"አፈር ደግሞ ይናገራል?" ብሎ ሳቀባት።

"ና ላሳይህ።" ጉድጓዱ ውስጥ ይዛው ወርዳ ግድግዳውን በጣቷ ነካች። "ይሄ የተጨማደደ ቆርቆሮ ያለበት ጥቁሩ አፈር ጦርነቱ ነው። ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ። ከሥሩ አባቴ ያስነጠፈው ወለል። ከዚያ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ፤ ሰው የለበትም። ከዚያ ደግሞ ይቺ ግራጫ መስመር ምድጃ ናት። የታችኛው በዕድሜ ይቀድማል፤ የትምህርቱ ሀሁ ይሄ ነው። ዕቃው ብቻውን ዲዳ ነው፤ የሚያናግረው የተኛበት ቦታ ነው።"

ፈንታሁን ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲዝቅ ኖሮ፣ አፈር ገና ዛሬ አየ። ሰው እዚህ እሳት አንድዶ፣ በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ነበር!

"ጉድ እኮ ነው! ስንት ዘመኑ ይሆን?"

"እንጃ። የሚነግረኝን አጠብከው።"

ፈንታሁን ዓይኑን ከግራጫዋ መስመር ሳይነቅል የሌላ ማሰሮ ከንፈር ብቅ ማለቱን አየ። ይሄኛው አልተነካም።

ሂርሲ ከላይ ሆኖ በሶማልኛ ጮኸ። "ፈንታሁን! ግንበኞቹ ነገ ይመጣሉ። ዛሬ ካልጨረስክ ሌላ ቆፋሪ አመጣለሁ!"

ኢስታሂል ከግድግዳው ፈቀቅ አለችለት። የሚቀረው እንጀራ የእሱ ነው።

ፈንታሁን ዶማውን አነሳ። ግን ከጉድጓዱ ውጭ ወረወረው።

"ጋሽ ሂርሲ፣ ያምጡ!" አለ። "እኔ ግን ይቺን በዶማ አልነካም።"

ከምሳ ፌስታሉ ማንኪያውን አውጥቶ ወደ ኢስታሂል ዞረ።

"በዚህ ይሆናል? መቆፈሩ ከላይ ነው አይደል የሚጀመረው?"