ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ በኋላ

ኖላዊት እሴይን መጠርጠር ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጥርጣሬውን ያመጣው ፎክሶ የሚባል ፕሮቲን ነው። ሰው ሲራብ ፎክሶ ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ይገባና ጂኖቹን እያዘዘ እድገቱን ይገታል፤ ሰው ሲበላ ተባርሮ ይወጣል። ሲያትል ያለው ቤተ ሙከራቸው የሚያጠናው ይህንኑ ነው። እሴይ ረቡዕ ረቡዕ ከእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ከቁርስ በፊት አንድ ብልቃጥ፣ ከቁርስ በኋላ አንድ ብልቃጥ ደም ይቀዳል፤ ኖላዊት ትመረምራለች። የሁሉም ፎክሶ ከቁርስ በኋላ ይወጣል። የቁጥር አምስት ግን ንቅንቅ አላለም።

"ሁለቱንም በአንዴ ነው የቀዳኸው" አለችው። "ቶሎ ማውንትሌክ ቴራስ ወዳለው ቤትህ ለመሄድ።"

"ኖሊ፣ ማይክሮስኮፕሽን ወልውዪው" አላት ቀና እንኳ ሳይል።

ትዕግሥት አልፈጠረባትም። ማክሰኞ ለአለቃቸው ኢሜይል ጻፈች። አለቃቸው እሴይን ለረቡዕ ረፋድ ቀጠረው። ሥራው እዚያ ሊያበቃ ይችላል።

ረቡዕ ጠዋት ከደም መቅጃው ክፍል መስታወት ማዶ ቆማ ጠበቀች። ቁጥር አምስት ከታኮማ በአውቶቡስ የሚመጡት እማማ ፋንታዬ ናቸው። እሴይ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ቀዳ። የእንቁላል ሳንድዊች ሰጥቷቸው፣ አፋቸውን እያየ እንዳያሳቅቃቸው ወጣ። እማማ ፋንታዬ ሳንድዊቹን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ "በልቻለሁ" የሚለው ጋ ምልክት አደረጉ።

ኖላዊት በሩን ከፍታ ገባች።

"እማማ፣ ለምን አልበሉም?"

"ረቡዕ አይደለም እንዴ ልጄ? ያውም በሁዳዴ።"

ኖላዊትም እሴይም የጴንጤ ልጆች ናቸው፤ ረቡዕ ለእነሱ ረቡዕ ነው።

"ታዲያ ለምን በልቻለሁ ይላሉ?"

"ጾሜን በወረቀት ላውጅ? ደግሞ ልጁ በእጁ ሰጥቶኝ እንዴት እምቢ ልበል። የጎረቤቴ ልጆች ይወዱታል።"

እሴይ ሁለተኛውን ብልቃጥ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"እሳቸውን ልታዪ ነው የመጣሽው ወይስ እኔን?"

"አንተን።"

"ሶ፣ አለቃው የጠራኝ በአንቺ ነው ማለት ነው።"

"አብሬህ እገባለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ክሱን የማነሳውም እኔ።"

አብራው ገባች፤ እሴይም ሥራውን አላጣም። እማማ ፋንታዬ ከፋሲካ በኋላ ወደ ማክሰኞ ተዛወሩ፤ ፎክሷቸውም እንደ ሰው ሁሉ ወጣ። እሴይ ግን ከዚያ ወዲህ ደም ሊቀዳ ሲል በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ "ኖሊ፣ ነይ ቁሚና እይ" ይላል።

ሥራዋን ጥላ ትሄዳለች። ቆማ ታያለች።