ለስምንት ዓመት ልጅ ጋሪ

ለይላ ጋሪውን ያየችው ገና ከሚኒባሱ ሳትወርድ ነው። ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ፣ በዒዱ ማግስት፣ ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ በሚተራመስበት መሐል፣ እህቷ ዓቢዳ ባዶ የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማለች። ጋሪው ሰማያዊ ነው፤ ጥላ አለው፣ ኩባያ ማስቀመጫ አለው፣ ከሥሩም ዕቃ መያዣ መረብ አለው። የጎደለው ሕፃን ብቻ ነው።

«ለማን ነው?» አለች ለይላ፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«ለዙልፋ ነዋ፣ እትዬ። መዝናኛው ሰፊ ነው አሉ።»

ዙልፋ ስምንት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቅርጫት ማንጎ ተሸክማ ለይላን እየተከተለች መርሳ ገበያ የምትወጣ ልጅ ናት። ጋሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ለይላን አየቻት፣ ከዚያ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለች። ለይላ ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን በሆዷ ደስ ብሏት ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓቢዳ ለሥራ ወደ ሪያድ ስትሄድ ልጇ ዙልፋ ገና የዓመት ከአራት ወር ሕፃን ነበረች። አባትየው ልጅቱ ሳትወለድ ፈቷት ሄዷል። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ያለችው እናት ሰባት ዓመት ቆየች፤ የሄደ ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ የሄደ ሁሉም ይቆያል። ታላቅ እህቷ ለይላ ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ በዚሁ ሰበብ ሌላ አግብቶ ሐራ ከተማ ገብቷል። ስለዚህ ዙልፋን አዝላ፣ አጥባ፣ አስተምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ዙልፋም ለይላን «እማ» ትላታለች። እናቷን ግን ድሮ በስልክ እንደለመደችው «ዓቢዳ» ብላ ነው የምትጠራት።

ዓቢዳ ከተመለሰች ሦስት ወር ሆኗታል። ወልድያ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ የልብስ ሱቅ ከፍታ፣ ልጄን ስጡኝ ብላለች። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ልጅቱ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ለይላ ከመርሳ መጥታ እስክትወስዳት ድረስም አላቆመችም። በመጨረሻ እህትማማቾቹ ተስማሙ፤ የዒዱን ማግስት አዲሱ መዝናኛ አብረው ይውላሉ፤ ማታ ልጅቱ እናቷ ቤት ለማደር እሺ ካለች እዚያው ትቀራለች። እምቢ ካለች እስከሚቀጥለው ዓመት የትምህርት መክፈቻ ድረስ ወሬው አይነሳም።

ለይላ የተስማማችው እንደምታሸንፍ ስለምታውቅ ነው። ልጅቱን መምከር፣ እህቷን ማማት አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ዝም ደግሞ አይነቅዝም። ይኼው እናትየዋ ራሷ በጠዋቱ ጋሪ ገትራ ልጇን እንደማታውቃት ለመናኸሪያው ሁሉ አሳየችላት።

ጋሪውን አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቡ ባለ ባጃጁ ዞር ብሎ፣ «ሕፃኑን ረሳችሁት እንዴ?» አለ። ዓቢዳ ሳቀች። ለይላም ሳቀች፤ ትንሽ አበዛችው።

«እዚያ ሦስት ልጆች ነበር የማሳድገው» አለች ዓቢዳ ባጃጁ ሲነሳ። «ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መዝናኛ ስንሄድ ጠዋት ጋሪ አልፈልግም ብሎ ይሮጣል። ፀሐይ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ከአንዱ ጨዋታ ወደ አንዱ መንገዱ ሩቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መሬት ላይ ተዘርግቶ ይጮሃል። ከዚያ በጋሪ ነው የምመልሰው።»

«የሀብታም ልጅ እግሩ ለመኪና ነው የተሠራው። ይቺ የመርሳ ልጅ ናት፤ ወላሂ እኔንም አንቺንም ትቀድማለች።»

«ልጅ ልጅ ነው፣ እትዬ።»

«ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ በጋሪ ስትገፋ ሰው ቢያይ ምን ይላል? እግሯን አሟት ነው ይላል። ኋላ ስም ሆኖ ይቀራል።»

ባጃጁ አንድ ዳገት ከወጣ በኋላ ዓቢዳ፣ ዙልፋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰው ልጅ ሰባት ዓመት ገፋሁ» አለች። «የራሴን አንድ ቀን ልግፋ ብል ምን አለበት?»

ለይላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ መካከለኛ ፍርድ ሰጠች። ጋሪው ይግባ፣ ነገር ግን ዕቃ ይጫንበት፣ ልጅቱ በእግሯ ትሂድ። ዙልፋም በፍርዱ ተስማማች። የጋሪው ባለቤት ግን የተስማማች አትመስልም ነበር።

መዝናኛው ከከተማው ጫፍ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ሸርተቴ አለው፣ የፈረስ ሽክርክሪት አለው፣ አየር ተነፍቶበት ልጆች የሚዘሉበት የላስቲክ ቤት አለው። ወደ መጨረሻው ደግሞ ሰው በወንበር እየጫነ ሰማይ ለሰማይ የሚዞር ትልቅ ጎማ ቆሟል። ዙልፋ ገና ከበሩ ስትገባ እግሯ መሬት አልነካ አለ። ነጭ ባለ ማሰሪያ ጫማዋን እያበረረች ከሸርተቴው ወደ ሽክርክሪቱ፣ ከሽክርክሪቱ ወደ ላስቲኩ ቤት ስትሮጥ ለይላ በኩራት ወደ እህቷ ዞር እያለች ታያት ነበር። ጫማውን ያመጣችው ዓቢዳ ናት፤ የልጅቱን እግር በክር ለክታ፣ ክሩን ከማስመሪያ ጎን አስተኝታ ፎቶውን የላከችው ደግሞ ለይላ።

ዓቢዳ በጠጠሩ ላይ ጋሪዋን እያንገጫገጨች ከኋላ ትከተላለች። በልጅ ፋንታ የተጫነው ዳቦ፣ ውሃና አንድ እጅ ሙዝ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሕፃን ያለበት እየመሰለው ፈገግ ይልላታል። አንዲት ባልቴት ጭራሽ መንገዳቸውን አቋርጠው መጡና ጥላውን ገለጥ አድርገው፣ «ማሻ...» ብለው ሙዙን ሲያዩ አቆሙ። ከዚያ ግን የጀመሩት ምርቃት ከሚቀር ብለው ነው መሰል፣ «...አላህ፣ አላህ ያሳድግልሽ» ብለው ጨረሱት። «አሚን፣ እማማ» አለች ዓቢዳ፣ ሳትስቅ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለትልቁ ጎማ ሰልፍ ያዙ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊታቸው፣ አሥር ሰው ያህል ቀድማ፣ የዙልፋ የክፍል ጓደኛ ሳራ ከቤተሰቧ ጋር ቆማለች። ዙልፋ እጇን አውለበለበችላት። ጥቂት ቆይታ ቁጭ አለች፣ የቀኝ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ መልሳ አሰረችው።

«ጠበበሽ?» አለች ዓቢዳ።

«አይ።»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ሄደ። ዙልፋ እንደገና ቁጭ ብላ ያንኑ ማሰሪያ ፈታች፤ በቀስታ አሰረችው። ዓቢዳ ይህን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ወደ ለይላ ጠጋ ብላ፣ «አልወደደችውም» አለች። «ያመጣሁላትን ልብስ ሰጠኋት፣ አመሰግናለሁ ብላ አስቀመጠችው። አሁን ደግሞ ጫማውን። ምን ባመጣላት ይሻላል፣ እትዬ?»

ለይላ ግን ነገሩ የጫማ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዙልፋ ደከመኝ አትልም። ገበያ የምትሄድ ልጅ ደከመኝ እንደማትል ያስተማረቻት ለይላ ራሷ ናት። ትምህርቱም ሠርቷል፤ ልጅቱ ሲደክማት ቁጭ ለማለት ምክንያት ትፈልጋለች፣ ያገኘችው ምክንያትም የጫማ ማሰሪያ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከፈታችው አበቃ። ከዚያ የሚመጣው ለቅሶ ነው። ያ ለቅሶ ከተነሳ ከለይላ ትከሻ በቀር የሚያቆመው እንደሌለ ሁለት ጊዜ ታይቷል።

አሁንም መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ሰልፉ ትንሽ ይሄዳል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እማ ትላለች፣ በአሥራ አንድ ሰዓቱ ሚኒባስ ለይላ ጭን ላይ ተኝታ መርሳ ትገባለች። ማንም ማንንም አልበደለም። ሆድ ይፍጀው ብላ ለይላ ከንፈሯን ገጠመች።

ድንገት የእህቷን እጅ አየች። ዓቢዳ ዓይኗ ከልጇ ጫማ ላይ አልተነሳም፤ እጇ ግን የጋሪውን እጀታ ይዞ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ ይላል። በዝግታ፣ እንቅልፍ ለያዘው ሕፃን እንደሚደረገው። ዓቢዳ አላወቀችም። ሰባት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ዳቦና ሙዝ እያባበለች ቆማለች።

ለይላ በእህቷ ላይ የነበራት ቅያሜ ሁሉ አልጠፋም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፣ የእህትም ከዚያ አይሻልም። ነገር ግን ያንን እጅ እያየች ዝም ማለት አቃታት።

ዙልፋ ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አለች።

«ደክሟታል» አለች ለይላ።

«ምን?»

«ጫማው ልኳ ነው፣ ትወደዋለች፤ የመጣላት ዕለት ታቅፋው ነው ያደረች። ማሰሪያውን ደጋግማ ስትፈታ ደከማት ማለት ነው። ደከመሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂያት፣ ታለቅሳለች። ዝም ብለሽ አንሺያት። በይ ቶሎ በይ።»

ዓቢዳ አንድ አፍታ እህቷን አየቻት። ከዚያ ሙዙንና ዳቦውን ጠራርጋ ለለይላ አስታቀፈቻትና ልጇን ብድግ አደረገቻት። ዙልፋ እግሯን አወራጨች። «ሳራ ታየኛለች!»

ለይላ ከትከሻዋ ላይ ሰፊውን ሻርፕ አውልቃ ልጅቱን ከአናቷ እስከ ጉልበቷ አለበሰቻት። ጥላውንም ጎትታ አወረደችው። «አሁን ማን እንደሆንሽ ማን ያውቃል? ሙዝ ናት ይላሉ።» ከሻርፑ ሥር ትንሽ ሳቅ ተሰማ። የዙልፋ እግር ረጅም ነውና ከመርገጫው አልፎ መሬት ይጎትት ነበር፤ ለይላ ጫማውን አወለቀችላትና እግሯን አጣጥፋ አስገባችው። ዓቢዳ እጀታውን ያዘች። ወደፊት፣ ወደኋላ። የትልቁ ጎማ ተራ ሳይደርሳቸው ልጅቱ እንቅልፍ ወሰዳት።

የዓቢዳ ቤት ከመዝናኛው ሩቅ አይደለም። መገንጠያው ድረስ አብረው ሄዱ፤ አንዷ ጋሪ እየገፋች፣ አንዷ የዕቃ ከረጢት ይዛ። መገንጠያው ላይ ቆሙ።

«እኔ መነሳቴ ነው» አለች ለይላ። «ሚኒባሱ ያመልጠኛል።»

«ልቀስቅሳት?»

«አትቀስቅሻት።»

«ነቅታ ብታለቅስስ?»

«ምን ሆንሽ አትበያት። ውሃ ስጫትና ስለ ፈረሱ ሽክርክሪት ጠይቂያት። የቱ ፈረስ ፈጣን እንደሆነ እሷ ትነግርሻለች።» ሌላም የምትነግራት ብዙ ነገር ነበር፤ በግራ ጎኗ እንደምትተኛ፣ ሽንኩርት ከወጡ እየለቀመች እንደምታወጣ። ሁሉንም ካሁኑ ብትነግራት ለራሷ ምን እንደሚቀራት አሰበችና ዳቦውን ብቻ ሰጥታት ሄደች።

ሚኒባሱ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀመጠች። ገንዘብ ልታወጣ ከረጢቷን ስትከፍት የዙልፋ ነጭ ጫማዎች ሙዙ ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው። አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ውብ ጫማ» አሉ አሮጊቷ። «የልጅሽ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለች ለይላ።

ሲሪንቃ ሊደርሱ ሲሉ ስልኳ ጮኸ። ዓቢዳ ናት። «እትዬ፣ ነቃች።»

«አለቀሰች?»

«ልታለቅስ ነበር። አንቺን ጠየቀች። እንዳልሽው ስለ ፈረሱ ጠየቅኋት። አሁን ዳቦ እየበላች ስለ ቡናማው ፈረስ እያወራችልኝ ነው። አድራለሁ ብላለች፤ ነገ ግን እማ ጫማዬን ታምጣ አለች።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ለይላ። «አመጣለሁ በያት።» ከልቧ ነበር ያለችው። ስልኩን ስትዘጋ ግን ዓይኗ ሞልቶ መንገዱ አልታይ አላት።

ከዚያ እስከ መርሳ ድረስ ጫማዎቹን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። መኪናው መርሳ ገብቶ ሲቆም ልትወርድ ብድግ አለችና ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች።

«ቅድም ለጠየቁኝ፣ እማማ፣» አለቻቸው፣ «ጫማው የእህቴ ልጅ ነው።»

አሮጊቷ ምን እንደጠየቁ ረስተውት ነበር።