ያለ ወረቀት የተሰቀለው አንቴና

ሸዋንዳኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው ሠርቶ ይተኛል። እሱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ አርባ ምንጭ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ፣ እሁድ ቅዳሴ የማይቀርበት፣ የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ግዥ ሲሠራ ስሙ በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጉዱ ሌላ ነው። ሰው በአደባባይ "ጎበዝ" ካለው ይቀልጣል።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ማኅበሩን የሚረዳው ድርጅት ለገና ሰሞን እንግዶች እንደሚልክ አስታወቀ። እንግዶቹ ሲደርሱ በከተማው ሲቀላ ሰፈር ባለው ቢሮና አባያ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ መጋዘን መካከል ገመድ አልባ ኢንተርኔት ተዘርግቶ ማየት ይፈልጋሉ። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ መካከል ወደ ሸዋንዳኝ ዞሮ "አንተ ካለህ ይህቺ ምን አላት?" አለው። በቃ፣ ሰውየው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

ሲቀላ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሽበሺ ሁለት ዓይነት መሣሪያ እንዳለ ነገረው። አንደኛው የሬዲዮ ሞገድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መርምሮ የፈቀደው፣ የፈቃድ ወረቀት ያለው ነው፤ ግን ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል። ሌላው እዚያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ለሌላ አገር የተሠራ ነው፤ ጉልበቱ ብርቱ ነው፤ ወረቀት ግን የለውም። ሽበሺ አልዋሸም፣ ይህ ይነገርለት። የሚረጨው ሞገድ እዚህ አገር ለሌላ ሥራ የተመደበ ሊሆን እንደሚችል አፍ አውጥቶ ነግሮታል። ሸዋንዳኝ የጠየቀው ግን "ይሠራል ወይ?" ብሎ ብቻ ነው። ይሠራል። ገዛው።

እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ተያያዘ። ሁለቱን ሽበሺ ራሱ ከወዳጆቹ ሱቅ ማኅተም አስመትቶ ነው ያመጣለት፤ ይህን አሠራር የማያውቅ ግዥ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። በግዥ ቅጹ ላይ "መሣሪያው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተፈቀደ መሆኑ ተረጋግጧል" የሚል መስመር ነበረ። ሸዋንዳኝ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ምልክት አደረገበትና ከጎኑ በእርሳስ "ኮፒው በኋላ ይያያዛል" ብሎ ጻፈ። በእርሳስ መጻፉ ራሱን የሚያታልልበት ዘዴ ነበር። አንቴናው መጋዘኑ ጣራ ላይ ተሰቀለ። እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ሊቀ መንበሩም ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

በዚያው መጋዘን ጥግ ጀልባዎቹ የሚጠሩበት ሬዲዮ አለ። ይኸኛው ፈቃድም የራሱ ሞገድም ያለው ነው። አባያ ጠዋት ጠዋት የተኛ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሌላ ውሃ ነው። ነፋሱን ከዳር ሆና አይታ በዚሁ ሬዲዮ "ተመለሱ" የምትል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወለቴ ትባላለች። ወንድሟ በርናባስ ከአስጋሪዎቹ አንዱ ነው። እናታቸው ዘርፈሽ ከካምባ ደጋ አብራቸው ወርዳ ሦስቱም ባንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

አንቴናው በተሰቀለ በሳምንቱ ወለቴ ሲቀላ ድረስ መጥታ ሬዲዮው ይጮህብኛል አለችው። ሸዋንዳኝ ባትሪ ቀይሪ አላት። ቀየረች። በጥር ደግሞ መጣች። ኢንተርኔቱ ከገባ ወዲህ ነው፣ ከጀልባ የሚመጣውንም ወደ ጀልባ የሚሄደውንም ድምፅ ሿሿታው ይውጠዋል አለችው፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ጥፋተኛ። እሱም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ የሽበሺ ቃል ጆሮው ላይ አቃጨለበት። ይሁን እንጂ አንቴናውን አውርዱ ማለት ወረቀቱስ የት አለ መባል ነው። "አየሩ ነው፣ ይስተካከላል" ብሎ ሸኛት። ልጅቱ አመስግናው ሄደች።

የካቲት ላይ ነፋሱ ያለወትሮው ገና በስድስት ሰዓት ተነሣ። ሌሎቹ ጀልባዎች ከዳር ስላልራቁ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። በርናባስ ግን ርቆ ሄዶ ነበር። ጀልባው በማግሥቱ ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ በሦስተኛው ቀን።

ወለቴ ጠርቼዋለሁ አለች። አሥር ጊዜ ጠራሁት፣ ሬዲዮው ይጮህ ነበር ብላ ማለች። የሚያጣራ ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አንዱ ዕቃ ያውቃል የተባለው ሸዋንዳኝ ነው። እሱ ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት በማለዳ ብቻውን ወደ መጋዘኑ ሄደ። የኢንተርኔቱን መሣሪያ ከሶኬቱ ነቀለና ሬዲዮውን ከፈተ። ሿሿታው የለም። ዝም ያለ፣ ንጹሕ ሬዲዮ ነው። ባዶ የዓሣ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ አለ በልቡ።

መጡ። አንዱ ውሃው ዳር ሆኖ ተናገረ፣ ሌላው መጋዘኑ ውስጥ ሰማ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ያኔ ሁለቱም ወደ ሸዋንዳኝ ዞሩ። "ደህና ነው" አላቸው። መሣሪያው እንደተነቀለ አልነገራቸውም። ኢንተርኔቱን በኋላ ለጠየቁት ተበላሽቷል አለ፤ እንግዶቹ ስለሄዱ ደግሞ የጠየቀውም ብዙ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ወለቴ ተኝታ ነበር ተባለ። አንዱ ፀጉሯን ስትሠራ ነበር አለ፤ ሌላው ስልክ ስታወራ። ከሬዲዮው አነሷት፤ እሱ እንኳ ቀላል ነው። እናቷ ልጇን ማናገር ተወች። አንድ ጣራ ሥር እያደሩ ዘርፈሽ ከወለቴ እጅ እህል አትቀበልም፤ ጎረቤት ካላበላት ጦሟን ትውላለች። ሸዋንዳኝ ይህን ሰምቷል። በሐዘኑ ቤት ደጅ ሁለት ጊዜ አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ተመልሷል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ይቆጥራል፤ ዛሬ ካልተናገርኩ ሦስት ወር፣ ዛሬ ካልተናገርኩ አራት ወር። በዘገየ ቁጥር የመናገሩ ነገር ይብስ እየከበደ ሄደ።

ሰኔ ላይ ዓሣው ጠፋ። መረብ ባዶውን ይወጣል፤ ሁለት ጀልባም ተሰነጠቀ። አስጋሪዎቹ አንገባም አሉ። የማኅበሩ ሽማግሌ ወልደ ሚካኤል ይህ ዳርቻ ጎሜ አለበት ብለው ፈረዱ። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት ሰው ሠርቶ የደበቀውን ነውር ነው፤ ካልተነገረ በሠሪው ብቻ አያበቃም፣ ቤትና አገር ይመታል። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ዱቡሻ በሚሉት መሰብሰቢያ ተቀምጦ፣ በሁሉ ፊት አፍ አውጥቶ መናገር። ከመጋዘኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰቡ። ሸዋንዳኝም የማኅበሩ ሰው ነውና መጣ፤ እንደ ሌላው ሁሉ የዕርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር በእጁ አስያዙት።

አንዱ ተነሥቶ የጓደኛውን መረብ ቆርጦ እንደነበር ተናገረ። ሌላው ቆሮሶ ዓሣውን ውሃ አጠጥቶ እንደሚያስመዝን ተናዘዘ፤ ሰው ሳቀ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ሽማግሌው "ተነገረ፣ ወጣ" እያሉ አሳለፉ። ከዚያ ወለቴ ተነሣች። ከስታ ነጠላው ራሷ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ቃሏን በአማርኛ ጀመረች፤ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው።

"ጠርቼዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር" አለች። "አሁን እኔም አላውቅም። ሬዲዮው ደህና ነው ከተባለ፣ ምናልባት የጠራሁት በሕልሜ ነው። ተኝቼ ከነበረ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። የዚህ ውሃ ጎሜ እኔ ነኝ።"

እናቷ ፊቷን አላነሣችም።

ሸዋንዳኝ የቆመው ደፍሮ አይደለም፤ መቀመጥ ስላቃተው ነው። ልጅቱ ስሟን ማጣቷን ያውቃል፤ ትዝታዋን ጭምር እንደቀማት ግን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር። ያለ ፈቃድ ስለገዛው መሣሪያ፣ በቅጹ ላይ ስላደረገው ምልክት፣ ሁለት ጊዜ መጥታ ነግራው ስለመለሳት ተናገረ። ነቅሎ "ደህና ነው" ማለቱንም ጨመረ። ሰዉ ያመነው አይመስልም ነበር። ሽማግሌው "ሂድ፣ ሰካው" አሉት።

ገብቶ ሰካው። አስጋሪዎቹ ጀልባ ላይ ከሚይዙት የእጅ ሬዲዮ አንዱን ለዘርፈሽ ሰጧትና አሸዋው ጫፍ ድረስ ወሰዷት። ወለቴ መጋዘኑ ውስጥ ሆና ያን ቀን ያለችውን እንድትል አዘዟት። አፏን ወደ ሬዲዮው አስጠግታ "በርናባስ፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ ተመለስ" አለች። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ጮኸች። አሸዋው ላይ ከዘርፈሽ እጅ የሚሰማው ሿሿታ ብቻ ነው።

ዘርፈሽ ሬዲዮውን ለሰዎቹ መለሰችና ቀስ ብላ እየተራመደች ሸዋንዳኝ ፊት ቆመች። እሱ ለመመታት ወይም ለመረገም ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲያውም ይመኘው ነበር።

"በርናባስን ውሃ ወሰደው" አለችው። "አራት ወር ልጄን እንደ ውሻ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። አንተ ተናግረህ ወጣልህ። እኔ ይህን ለማን ተናግሬ ይወጣልኛል?"

ሽማግሌው ጎሜው ተነገረ አሉ፤ ሰዉ ሣሩን ከፍ አድርጎ መረቀ፤ ወንዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጀልባቸው ሄዱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ አንዱ እንዲያውም ክንዱን ይዞ አይዞህ አለው። ሸዋንዳኝን ያ እጅ አቃጠለው።

ወለቴ ከመጋዘኑ ወጥታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድሟን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ አለቀሰች። እናቷ ወደ እሷ ሄደች፤ ግን አልደረሰችም። አራት አምስት እርምጃ ሲቀራት ቆማ፣ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ልጇን መንካት ፈራች። ሸዋንዳኝ ከሾላው ሥር ሆኖ ይህን አየ፤ ዓይኑን ሊመልስ ፈልጎ አልቻለም።

ወለቴ ዞር ብላ እናቷን አየቻት።

"እማ" አለቻት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፤ "ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰሻል?"